ይድረስ ለክቡር ወፍራም መጋረጃ

ጉዳዩ፦ ከአዲሱ መስኮት ፍሬም ላይ እጅዎን እንዲያነሡ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኔ ከብርሃን ናፍቆት በስተቀር ደኅና ነኝ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከመስኮቱ ልጀምር። የቀድሞው የእንጨት መስኮት ዝናብ ሲመታው እያበጠ፣ ፀሐይ ሲያገኘው እየተሰነጠቀ ኖሮ በጡረታ ተሰናበተ። በቦታው ነጭ የፕላስቲክ ፍሬም ያለው፣ መስታወቱ ድርብ የሆነ፣ ዙሪያውን በጥቁር ጎማ የተከበበ መስኮት ተገጠመ። በሁለቱ መስታወቶች መካከል የታሸገው አየር ብርድን ያግዳል፤ ጎማው ነፋስንና አቧራን ከደጅ ይመልሳል። ያ ሁሉ ወጪ የወጣው ለዚህ ነበር፤ ከዚህም በላይ ቀን ቀኑን ለማየት ነበር። ታዲያ መከላከያው ላስቲክ ከፍሬሙ ላይ ተልጦ ሳያልቅ እርስዎ ከነዘንግዎ፣ ከነቀለበትዎ፣ ከነዘርፍዎ ደረሱ። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት!

መምጣትዎስ ባልከፋ። ገና ከመግባትዎ ግን «ፍሬሙን ብሱልኝ» አሉ። ክቡር ሆይ፣ ይህ ፍሬም ከውጭ ሲያዩት ድፍን ይመስላል እንጂ ውስጡ ባዶ ክፍሎች የተደረደሩበት ነው። አንዳንዶቹ አየር ይዘው ብርድ ይከላከላሉ፤ አንዱ ፍሬሙን ቀጥ አድርጎ የሚያቆመውን ብረት ያቅፋል፤ የታችኞቹ ደግሞ ሾልኮ የገባውን የዝናብ ውሃ በትንንሽ ቀዳዳዎች ወደ ውጭ ይሸኛሉ። በዓይን የምናየው የፕላስቲክ ገጽ ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። እርስዎ እንግዲህ መላ አካልዎን በዚህች 3 ሚሊ ሜትር ላይ ሊሰቅሉ ነው። ብሎንዎ ብረቱን ካላገኘ ምን ጨብጦ ይቆማል? ካገኘውም ለእርጥበት መግቢያ በር ከፈተለት ማለት ነው። የዋስትና ወረቀቱ ፍሬሙን የበሳ ዋስትናውን ያጣል ይላል፤ እርስዎ ግን የሚያነቡት ነገር ቢኖር የልብስ ማጠቢያ መመሪያዎን ብቻ ነው፤ እሱንም በተገለበጠ ጠርዝዎ ውስጥ ሸሽገውታል።

የሰውን ክብደት በአደባባይ መናገር ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ቢሆንም እንቁጠረው። የእርስዎ ዓይነቱ ጨርቅ በካሬ ሜትር 400 ግራም ይመዝናል እንበል። ዘንጉ 3 ሜትር ቢሆን፣ እርስዎ ሳይሸበሸቡ ክብርዎ የተነካ ስለሚመስልዎ 6 ሜትር ጨርቅ ይፈልጋሉ። ቁመትዎ 2.5 ሜትር ነው። 15 ካሬ ሜትር፣ 6 ኪሎ ግራም! ገበርዎና ዘንግዎ ገና አልተመዘኑም። ዝም ብለው ተንጠልጥለው ቢቀሩ ግድ የለም፤ ግን ጠዋት ይጎተታሉ፣ ማታ ይጎተታሉ። ዘንግዎን የሚሸከመውም ብረት ከተሰካበት 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ወጣ ስለሚል፣ ክብደትዎ ቁልቁል ብቻ ሳይሆን ወደ ፊትም ይጎትታል፤ መከራውን የሚቀበለው የላይኛው ብሎን ነው። መጀመሪያ ብናኝ ደፉ ላይ ይታያል። ቀጥሎ ዘንጉ በአንድ ወገን ዘንበል ይላል። ከዚያ እርስዎ ወለል ላይ፣ ቀዳዳው ፍሬሙ ላይ። እርስዎ ታጥበው፣ ተተኩሰው ይመለሳሉ፤ ቀዳዳው የት ይሄዳል?

ደጋፊዎችዎ «ድምፅ ያፍናል» ይላሉ። የሚያፍኑት በክፍሉ ውስጥ የሚያስተጋባውን የራሳችንን ድምፅ ነው፤ የደጁን ጫጫታ በአብዛኛው የሚመልሱት መስታወቱና ጎማው ናቸው፤ ምስጋናውን ግን እርስዎ ተቀበሉ። «ብርድ ይከላከላል» ለሚለው አልዋሽም፣ በቀዝቃዛ ሌሊት ጥቂት ያግዛሉ። ነገር ግን የክፍሉን ሙቀት ከመስታወቱ ሲከለክሉ መስታወቱ ይበልጥ ይቀዘቅዛል፤ የክፍሉ እርጥብ አየር ደግሞ በጎንዎና በሥርዎ እየሾለከ ይደርስበታል። 20 ዲግሪ ሴልሺየስ የሆነ፣ 50 በመቶ እርጥበት ያለው አየር ወደ 9 ዲግሪ የወረደ ነገር ሲነካ ጤዛ ይቋጥራል። ጠዋት ሲገለጡ መስታወቱ አልቦ፣ ጠብታው ደፉ ላይ ተጠራቅሞ፣ የታችኛው ጠርዝዎ ረጥቦ ይገኛል፤ ሲውል ሲያድር ሻጋታ ይነጠብበታል። የሚወቀሰው ማን ነው? መስኮቱ! «አዲሱ መስኮት ያልባል» ተብሎ ስሙ ይጠፋል፤ እርስዎ እጥፋትዎን አስተካክለው እንዳልሰማ ይቆማሉ።

መስኮቱ ወደ ውስጥ የሚከፈት መሆኑንም የጠየቀ አልነበረም። ዘንግዎ ዝቅ ብሎ ፍሬሙ ላይ ከተሰካ፣ መስኮቱ በተከፈተ ቁጥር ከዘንግዎ ጋር ይላተማል። ስለዚህ አይከፈትም። እርስዎ ስላሉ ደግሞ አይታይም። የማይከፈትና የማይታይ ነገር ከሆነ የተፈለገው፣ ግድግዳ ነበረን።

ይሁንና አላባርርዎትም። መሽቶ መብራት ሲበራ ደጅ የቆመ ሰው ሁሉ ገበታችንን ይቆጥራል፤ ያን ጊዜ ያስፈልጋሉ። መኖሪያዎ ግን ፍሬሙ ሳይሆን ከመስኮቱ በላይ ያለው ግድግዳ ነው። እዚያ ኮንክሪት ካለ የሚመታ ድሪል ይሰናዳል፤ ብሎኑም ከነፊሸሩ (ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ብሎኑን አጥብቆ ከሚይዘው መያዣ ጋር) ልስኑን አልፎ ጠንካራው አካል ውስጥ ይገባል፤ ልስን ብቻውን እርስዎን አይችልም። ግድግዳው ውስጠ ባዶ ብሎኬት ከሆነ ለእሱ የተሠራ ፊሸር ይፈለጋል። ጣሪያው ጂፕሰም ከሆነ ከጀርባው ያለው ብረት ሳይገኝ ቀና ብለው እንዳያዩት። በማጣበቂያ የሚለጠፈው መስቀያ ለስስ መጋረጃ እንጂ ለእርስዎ አልተፈጠረም። ዘንግዎ ከመስኮቱ ጫፍ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይበል፤ መስኮቱ ሲከፈት እንደማይነካውም አስቀድሞ በሜትር ይለካ። ግራና ቀኝም ከመስታወቱ 25 ሴንቲ ሜትር ይለፍ፤ ቀን ሲሰበሰቡ የሚቆሙት በግድግዳው በኩል እንጂ በብርሃኑ ፊት አይደለምና።

በዚህ ካልተስማሙ ወደ መጡበት ከረጢት እንዲመለሱ በትሕትና አሳስባለሁ።

ከሰላምታ ጋር
በጠራራ ፀሐይ መብራት አብርቶ የጻፈልዎ የቤቱ ባለቤት

ግልባጭ፦
ለመስኮቱ እጀታ፣ ባለበት ጨለማ
ለስሷ መጋረጃ፣ እንድታውቀው
ለድሪሉ፣ ሜትር ከመድረሱ በፊት ሥራ እንዳይጀምር