«መንገድ አለብኝ» የማይሰማበት ዳስ

በጥር 2011 ዓ.ም. ለአክስቴ ልጅ ሰርግ ደምበጫ ነበርኩ። ስዊድን ከገባሁ ወዲህ የደረስኩበት የመጀመሪያው የጎጃም ሰርግ ነው። ዳሱ ውስጥ ሣሩ ተጎዝጉዟል፣ የዳጉሳው ጠላ ገና ከበር ይሸታል፣ አዝማሪው መሰንቆውን እየቃኘ ነው። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። እስከ ዛሬ ከልቤ ያልወጣው ግን የሚኒባሱ ሾፌር ነው።

ሾፌሩ ሚዜዎችንና ዘመዶችን ወደ ፍኖተ ሰላም ሊመልስ የተቀጠረ ልጅ እግር ነበር። ምግቡን በልቶ ሲያበቃ ጠላ ቀረበለት።

«መንገድ አለብኝ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ» አለ፣ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ።

«በሞቴ! አንድ ብቻ!»

«የሰርግ ጠላ ገፍቶ የሚሄድ ምን ዓይነት እንግዳ ነው? ሙሽሮቹን ንቀህ ነው?»

ተቀበለ። ሁለት ጊዜ እንደተጎነጨ አሳላፊው ከጀርባው መጥቶ እስከ አፉ ሞላለት። ፊት ለፊቱ ስለነበርኩ ልቆጥር ሞከርኩ፤ አልቻልኩም። ብርጭቆው ባዶ ሆኖ ስለማያውቅ ምኑ ይቆጠራል? ኋላ ደግሞ አንድ ሽማግሌ በመለኪያ ዳግም አረቄ ሰጡት። ለሽማግሌ እምቢ አይባልምና ያንንም ጠጣ። እኔም አይቼ ዝም አልኩ። ከከተማው እንደወጡ መኪናው ቦይ ገባ። ሰው አልሞተም፤ የአንዱ ሚዜ ክንድ ግን ተሰበረ። በማግስቱ ሁሉም ሾፌሩን ረገመ። «ጠጣ! ጠጣ!» ያለውን ሰው ስም ያነሣ አልነበረም።

ስዊድን ውስጥ ሰው አይጠጣም ብዬ አልዋሽም። ዓርብ ማታ በስቶክሆልም የምድር ባቡር የተሳፈረ ሰው የሚያየውን ያውቃል፤ ብቻውን ቤቱ ዘግቶ የሚጠጣም ሞልቷል። መንግሥት ግን ጉዳዩን ለሰው ፈቃድ ብቻ አልተወውም። ከ3.5 በመቶ በላይ አልኮል ያለበትን መጠጥ ለቤት የሚሸጠው ከጥቂት በስተቀር ሲስተምቦላጌት የሚባለው የመንግሥት መደብር ነው፤ እሑድ ዝግ ነው፣ ከ20 ዓመት በታች ለሆነም አይሸጥም። ማሽከርከርን በተመለከተ ከ1990 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በደም ውስጥ ያለው አልኮል 0.2 ፕሮሚል ከደረሰ ወንጀል ነው፤ ከ10 ሺህ ሁለት እጅ ማለት ነው። 1.0 ሲደርስ ደግሞ ከባድ ወንጀል ይሆናል።

እኔን ይበልጥ የገረመኝ ግን ሕጉ ሳይሆን ጠሪው ነው። ለሰርግም ለልደትም ሲጠሩህ ብዙዎቹ አስቀድመው «አልኮል ያለው ነው ወይስ የሌለው?» ብለው ይጠይቁሃል። የሌለውን ካልክ በዚያው ዓይነት ብርጭቆ፣ በዚያው ጊዜ ይቀርብልሃል። ለምን ብሎ የሚመረምርህ የለም። የጠጣኸውም ሲያልቅ ነው የሚቀዳልህ፤ ስለዚህ ስንተኛህ እንደሆነ ራስህ ታውቃለህ። ጉበት አንድ መደበኛ ብርጭቆ ቢራ ለማጣራት አንድ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። ይህን ሥራ ቡናም፣ ቀዝቃዛ ውኃም፣ የበግ መረቅም አያፋጥነውም። ሆድ ሳይበላ ከቀረ ደግሞ አልኮሉ ቶሎ ደም ውስጥ ይገባል። እዚህ ላይ የእኛ ባህል ይበልጣል፤ ጎጃም ውስጥ በድግስ ላይ እንጀራ ሳይቀርብ ጠላ ብዙም አይቀዳም።

የእኛ ችግር ጠላውም ጠጁም አይመስለኝም። እምቢታ በጨዋነት የሚነገርበት መንገድ አለመኖሩ ነው። መጠጣት የማይፈልግ ሰው መዋሸት አለበት፦ «መድኃኒት እየወሰድኩ ነው»፣ «ፀበል ላይ ነኝ»። በድሮው ጊዜ «ኮሶ ጠጥቻለሁ» ይባል ነበር። እውነቱን የተናገረው ሾፌር አልተሰማም፤ ቢዋሽ ኖሮ ይተዉት ነበር። ይህ ነው የሚያንገበግበኝ። ጠጡ የሚሉት ክፉ ሰዎች እንዳልሆኑ አውቃለሁ፤ የእንግዳ ብርጭቆ ጎድሎ መታየቱ ለባለቤቱ ነውር ነው፣ ፍቅር ነው የሚያስገድዳቸው። ጠላ ደግሞ እንደ ጠርሙስ ቢራ በላዩ ላይ መጠኑ አልተጻፈበትም፤ የአንዱ ጋን ከሌላው ጋን ይለያል፣ ዳግም አረቄማ ከ40 በመቶ ሊበልጥ ይችላል። ሰርጉ በነበረበት በ2011 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አግዷል፣ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው እንዳይሸጥም ከልክሏል። ጥሩ አዋጅ ነው። ዳስ ውስጥ ግን የሚሸጥ ነገር የለም፤ የሚያዘው አሳላፊው ነው።

ለመልሱ ግብዣ ሌላ ሾፌር ተቀጠረ። አክስቴ ከዋዜማው ጀምራ ነገሩ ከንክኗት ኖሮ ጌሾ ያልገባበት ብርዝ ለብቻው በርዛ አስቀምጣለች። እንግዳው ገብቶ ሲቀመጥ አሳላፊዋን ሴት ጠርታ በጆሮዋ አንሾካሾከች። ለሌላው ጠጅ በብርሌ ሲቀርብ ለሾፌሩም በብርሌ ብርዙ ቀረበ፤ ቀለሙ ያው የማር ቀለም ነው። አንድ የጎረቤት ሰው ብርሌውን አሻግሮ አየና «አያ፣ ጨርሰው እንጂ!» አለው። ሾፌሩ በአንድ ትንፋሽ ጨረሰው። ዳሱ አጨበጨበለት። ማታ በሰላም ፍኖተ ሰላም ገብተው ደወሉልን፤ አክስቴ ስልኩን ዘግታ የቀረውን ብርዝ ለልጆቹ ቀዳችላቸው።