እርማት፦ ባሌስትራ ብረት ስለተቀነሰለት ብቻ አይተጣጠፍም

ባሌስትራ ማለት መኪናውን ከስር የሚሸከሙ፣ ተደራርበው የታሰሩ ረጃጅም የሞላ ብረቶች ናቸው። «የኋላ ባሌስትራ ከደረቀ ከስር ሁለት ብረት አውጣለት» የሚለው ምክር በጣም የተለመደ ነው፤ ግን ስህተት ነው። መኪናው ይለሰልሳል፣ አዎ። ደጋፊ ያጣው ዋናው ብረት ግን ነዳጅ መስጫው ሲረገጥ እንደ ኤስ ይጣመማል፤ ውሎ አድሮም በማሃል ቡሎኑ ቀዳዳ በኩል ይሰነጠቃል።

የብረቱ ግትርነት የሚጨምረው በውፍረቱ ኪዩብ (ውፍረት × ውፍረት × ውፍረት) ነው። ስለዚህ ብረት ከመቀነስ ይልቅ አንድ ባለ 10 ሚሊ ብረት በሁለት ባለ 8 ሚሊ ቢተካ ግትርነቱ ያው ነው ማለት ይቻላል፤ እኩል ሲታጠፍ ግን በብረቱ ላይ የሚያርፈው ጫና በ20 በመቶ ያንሳል።

ለማንኛውም መጀመሪያ ሻንሲውን በማቆሚያ ደግፋችሁ አንዱን የኋላ ጎማ በክሪክ አንሱ። ከዚያ በሌላው በኩል የተንጠለጠለውን ጎማ አሞርዛተር (የሞላውን ንዝረት የሚያበርደውን ዕቃ) ከታች ፍቱ። ጎማው ይበልጥ ከወረደ፣ እንዳይወርድ ያሰረው አሞርዛተሩ ነበር ማለት ነው፤ ባሌስትራውን አትንኩት። የፍሬን ቱቦው እንዳይወጠር ብቻ እያያችሁ!