እርማት፦ ማክፊውዝ ለመጫን የማክን ጥበቃ ማጥፋት አያስፈልግም

አብሽር ወንድሜ፣ ኮምፒውተርህ አልተበላሸም። ከኮምቦልቻ የመጣልህ የሠርግ ቪዲዮ ያለበት ሃርድ ዲስክ ማክህ ላይ ይከፈታል፤ ፋይል ልጨምርበት ስትል ግን እምቢ ይላል። ዲስኩ ዊንዶውስ ላይ በኤንቲኤፍኤስ (ዊንዶውስ ፋይል በሚያስቀምጥበት ሥርዓት) ፎርማት የተደረገ ነው። ማክ ኤንቲኤፍኤስን ያነባል እንጂ አይጽፍበትም። ለመጻፍ ከሚጠቅሙት አንዱ ማክፊውዝ ነው፤ ማክ በራሱ የማይችላቸውን የፋይል ሥርዓቶች እንዲጠቀም የሚረዳ ፕሮግራም።

ደሴ ላይ «ማክፊውዝ ለመጫን መጀመሪያ ሲስተም ኢንተግሪቲ ፕሮቴክሽንን አጥፋ» ያሉህ ግን ተሳስተዋል። ብዙ ሰው ይህን ስለሚደጋግመው ያሳስበኛል። ያ ጥበቃ የሲስተሙን ፋይሎች ከጎጂ ፕሮግራም የሚከልል ነው። በፍጹም አትንካው።

የተለመደው መንገድ ይኸው። ማክህ ኤም1 ወይም ከዚያ ወዲህ የመጣ የአፕል ቺፕ ካለው፣ አጥፋውና የማብሪያውን ቁልፍ ተጭነህ ያዝ። ሪከቨሪ (የማክ የጥገና ክፍል) ውስጥ ስትገባ በስታርትአፕ ሴኩሪቲ ዩቲሊቲ «ሪዲውስድ ሴኩሪቲ»ን ምረጥ፤ ከታወቁ አበልጻጊዎች የሚመጡ የከርነል ኤክስቴንሽኖችንም (ሲስተሙ ውስጥ ገብተው የሚሠሩ ተጨማሪ ፕሮግራሞችን) ፍቀድ። ዝቅ የሚለው ማክ ሲነሣ የሚደረገው ጥበቃ ነው፤ እሱም አንድ ደረጃ ብቻ። ሲስተም ኢንተግሪቲ ፕሮቴክሽን ግን እንደበራ ይቆያል። ከዚያ ማክፊውዝን ጫን፣ ሴቲንግስ ውስጥ ፈቃድ ስጠው፣ ሪስታርት አድርግ። የኢንቴል ማክ ከሆነ ሪከቨሪ መግባት አያስፈልግህም፤ ፈቃዱና ሪስታርቱ ይበቃል።

ደግሞ ማክፊውዝ ብቻውን ኤንቲኤፍኤስን አያውቅም። እንደ ኤንቲኤፍኤስ-3ጂ ያለ ድራይቨር (ኤንቲኤፍኤስን የሚያነብና የሚጽፍ ፕሮግራም) ከላዩ ይፈልጋል። ብዙ ሰው ይህን ይዘነጋና «አልሠራም» ብሎ ይተወዋል።

ዲስኩን ወደ ኤክስፋት ፎርማት መቀየርም ይቻላል፤ ማክም ዊንዶውስም ላይ ያለ ተጨማሪ ሶፍትዌር ይሠራል። ግን ፎርማት ሲደረግ ያለውን ሁሉ ይሰርዛል። የሰው ሠርግ ነውና ቪዲዮውን ሌላ ቦታ ሳትገለብጥ እንዳትሞክረው።