ከመትከል በፊት ይቆጠር

የባሕር አረም እርሻ መሬት አይሻማም፣ ማዳበሪያ አይፈልግም፣ ንጹሕ ውሃም አይጠጣም ይባላል። የፓስፊክ ደሴቶች ልማት በተነሳ ቁጥር የሚሰማው ይኸው ነው። ውሸት የለበትም። ግን የሚተከለው ከየት እንደሚመጣ፣ እዚያ የነበሩትስ ምን እንደሚሆኑ አይነሳም።

ሃዋይን እንይ። በኦዋሁ ደሴት፣ በካኔኦሄ የባሕር ወሽመጥ፣ በፈረንጆቹ 1974 ካፓፊከስ የተባለ ቀይ የባሕር አረም ለሙከራ ገባ። አይስክሬምና የጥርስ ሳሙና የሚያወፍረው ካራጊናን ከሱ ነው የሚወጣው። ጥልቅ ውሃ አይሻገርም ተብሎ ነበር። ተሻገረ። በ1990ዎቹ ከተተከለበት 6 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ተገኘ። ዘር እንኳ አያስፈልገውም፤ ቁራጩ በወደቀበት ይበቅላል። ኮራሉ (ድንጋይ መሰል ቤት የሚሠራው የባሕር እንስሳ) ላይ እንደ ብርድ ልብስ ተነጥፎ ብርሃን ይከለክለዋል።

ማውጣቱ ሌላ ጣጣ ሆነ። ጀልባ ላይ ትልቅ መምጠጫ ተገጠመ። ጠላቂዎቹ ታች አረሙን በእጃቸው እየነቀሉ ቱቦውን ያጎርሱታል፤ ላይ ያሉት እየለቀሙ በከረጢት ይሞላሉ። ለገበሬ ማዳበሪያ ሆነ፣ ደግ ነው። የቀረውን እንዲግጡ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የባሕር ጃርቶች ተፈልፍለው ተለቀቁ።

ሃዋይ ግን የራሷ ሀብት አላት፤ ከ300 በላይ የቀይ አልጌ፣ ማለትም የቀይ ባሕር አረም፣ ዝርያዎች። ከነዚህ አንዱን፣ ሊሙ ኮሁ የሚባለውን፣ ለቃሚዎች ሥሩን ሳይነኩ ይቆርጡታል፣ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈው ያሳድሩታል፣ ጨው ነስንሰው ከጥሬ ዓሣ ጋር ይበሉታል። ዛሬ ከብት የሚያወጣውን ሚቴን፣ አየሩን የሚያሞቀውን ጋዝ፣ ይቀንሳል እየተባለ ኩባንያዎች የሚሯሯጡለት አስፓራጎፕሲስ እሱው ነው። ድንጋይ የሚመስለው ሮዝ ቅርፊትም አልጌ ነው፤ ማዕበል በሚመታው በኩል የኮራሉን ቋጥኝ አጣብቆ ይይዛል። እሱን ግን ማን ያየዋል? አይበላ፣ አይሸጥ።

ይህን ሁሉ ካወቁት አንዷ የአልጌ ተመራማሪዋ ኢዛቤላ አቦት ነበሩ። የባሕር አረምን ከሃዋያዊት እናታቸው ተማሩ፤ በ1950 ዶክትሬታቸውን ያዙ፤ ከ200 በላይ ዝርያዎችን ለሳይንስ ገለጹ። እንዲህ ያለ ሥራ ገንዘብ ሰጪ አይስብም። የእርሻ ፕሮጀክት ፎቶ ያምራል፤ የደረቀ አረም የተለጠፈበት ወረቀት ምን ያምራል?

የዚህ ሥራ ዋጋ የሚታወቀው ችግር ሲመጣ ነው። በ2016 ነዋሪ በሌለው፣ ማናዋይ በተባለ የሃዋይ ቀለበት መሰል የኮራል ደሴት፣ አንድ የማይታወቅ ቀይ አልጌ ታየ። በ2019 ተመራማሪዎች ሲመለሱ ኮራሉን በሰፊው አልብሶታል። በ2020 ኮንድሪያ ቱሙሎሳ የሚል ስም ወጣለት። ስም ሲያወጡለት ግን ነባር ይሁን መጤ መናገር አልቻሉም።

ስለዚህ ለእርሻው ገንዘብ የሚያወጡት እዚያ ያሉትን ዝርያዎች ከመቁጠር ይጀምሩ። መጀመሪያ የደሴቲቱ የራሷ ዝርያ ይሞከር። ገቢው ያንስ ይሆናል፤ ይነስ። የግድ ከውጭ ይምጣ ከተባለም፣ የማስወገጃው ወጪ ውሉ ሲፈረም አብሮ ይያዝ።