ከፍጥነቱ በፊት ወረፋውን

በመዳብ የስልክ ሽቦ ኢንተርኔት የሚጠቀም ቤተሰብ ባማረረ ቁጥር የሚሰጠው ምክር የታወቀ ነው፤ ከፍ ያለ ጥቅል ይግዙ፣ አለዚያም ፋይበር እስኪደርስዎ ይታገሡ። ሁለቱም ምክሮች ዋናውን ሕመም ይስቱታል። ብዙ ጊዜ ጥሪ የሚያቆራርጠው ሞደሙ ውስጥ የሚከማቸው፣ ለመላክ ተራ የሚጠብቅ የዳታ ወረፋ ነው፤ ይህን ደግሞ አንድ ሜትር ገመድ ሳይዘረጋ ማስተካከል ይቻላል።

በቁጥር እንየው። በስልክ ሽቦ ኢንተርኔት የሚያደርሰው ኤዲኤስኤል ከጥንስሱ ለማውረድ ሰፊውን፣ ለመላክ ጠባቡን ድርሻ የሰጠ ቴክኖሎጂ ነው። የመላኪያ አቅሙ በሰከንድ 512 ኪሎ ቢት የሆነ መስመር እንውሰድ። ሞደሙ 256 ኪሎ ባይት የሚይዝ የዳታ ማቆያ ካለው፣ የሞላው ማቆያ ተራግፎ እስኪያልቅ 4 ሰከንድ ያህል ይፈጃል። ለመሙላት ደግሞ የአንዱ ልጅ ስልክ ፎቶግራፎችን ወደ ኢንተርኔት ማከማቻ መላክ መጀመሩ ይበቃል። በዚያው ሰዓት እናት ዋሽንግተን ካለች ልጇ ጋር በቪዲዮ እያወራች ከሆነ፣ ድምፅዋ ከባድ መኪኖች በተሰለፉበት ጠባብ መንገድ ከኋላ እንደደረሰ አምቡላንስ ቆሞ ይቀራል። ማውረዱም ቢሆን አይተርፍም፤ ለደረሰው ዳታ «ደርሶኛል» የሚል ማረጋገጫ መላክ አለበትና ማረጋገጫውም እዚያው ወረፋ ውስጥ ይገባል። የፍጥነት መለኪያው ግን የተከፈለበትን ቁጥር ያሳያል፤ ደንበኛው «መስመርዎ ደህና ነው» ተብሎ ይሸኛል። ይህ የሚያንገበግብ ነገር ነው።

ምክንያቱ ከታወቀ ቆይቷል። ላኪው ኮምፒውተር ፍጥነቱን የሚቀንሰው በአብዛኛው ፓኬት፣ ማለትም ዳታው ተከፋፍሎ ከሚጓዝባቸው ትናንሽ እሽጎች አንዱ፣ መጥፋቱን ሲያውቅ ነው። ማቆያው የተለጠጠ ሞደም ፓኬት ከመጣል ይልቅ ማከማቸትን ስለሚመርጥ ማስጠንቀቂያው ዘግይቶ ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2012 የኔትወርክ ተመራማሪዎቹ ካትሊን ኒኮልስና ቫን ጃኮብሰን ኮዴል የተባለ መፍትሔ አቀረቡ። ኮዴል የሚመለከተው ወረፋው ምን ያህል መርዘሙን ሳይሆን ፓኬቱ እዚያ ምን ያህል መቆየቱን ነው፤ ቆይታው ለ100 ሚሊሰከንድ ያህል ከ5 ሚሊሰከንድ ሳይወርድ ከቀረ አንዳንድ ፓኬት እየጣለ ላኪውን ያስጠነቅቃል። ተከታዩ ኤፍኪው ኮዴል ለእያንዳንዱ ግንኙነት የራሱን ተራ ሰጠው፤ የፎቶው ጭነት የእናትን ድምፅ አያግድም። ሊኑክስ በተባለው የኮምፒውተር ሥርዓተ ክወና ውስጥ በነፃ ይገኛል።

አንድ ግዴታ አለው። ራውተሩ፣ ማለትም ኢንተርኔቱን ለቤቱ ስልኮችና ኮምፒውተሮች የሚያከፋፍለው መሣሪያ፣ የሚልከው ከመስመሩ አቅም ጥቂት ዝቅ ተደርጎ ካልተገደበ ወረፋው ተመልሶ ሞደሙ ውስጥ ይፈጠራል። የገደቡ ስሌትም የመስመሩን ጠባይ ማወቅ አለበት፤ በብዙ የኤዲኤስኤል መስመሮች ዳታ የሚጓዘው 53 ባይት በሆኑ ቁራጮች ነው፣ ከዚያ ውስጥ የተጠቃሚው 48ቱ ብቻ ናቸው። ጥሪ እንዳይቆራረጥ ከፍጥነቴ አንድ አሥረኛውን ስጥ ብባል ሳላመነታ እሰጣለሁ።

ከስልክ ማዕከሉ ኪሎ ሜትሮች ርቆ ምልክቱ ለደከመ ወይም መገጣጠሚያው ለዛገ ሽቦ ይህ መድኃኒት አይሆንም፤ እሱ መጠገን አለበት። ለቀሩት ግን ሞደም የሚያድል ድርጅት ሁሉ ይህን ቅንብር አብርቶ ሊሰጥ ይገባል። የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንም የአገልግሎት ጥራትን ሲመዝን መስመሩ በተጨናነቀበት ሰዓት የሚፈጠረውን መዘግየት ለክቶ ከፍጥነቱ ጎን ለሕዝብ ይፋ ያድርግ።