ቫቲካን ያፈረሰውን ጋብቻ ያጸናን እኛ

ታማኝነት ጠፋ የምትሉ ሰዎች፣ ቆይ አንዴ። ዛሬ ስለ ታማኝነት ልጽፍ ነው። የባልና የሚስት አይደለም፤ እሱ የራሱ ጣጣ አለበት። የኛን፣ የተመልካቾቹን ነው የምለው። የሰው ሠርግ አይተን ካጨበጨብን በኋላ ሙሽሮቹ ተጣልተው፣ ተፋተው፣ ሌላ አግብተው፣ ልጅ ወልደው፣ ሸብተው እንኳ «የእገሊት ባል» ያልነውን ሰው የማንለቅ ጽኑ ሕዝብ ነንና ምስጋና ይገባናል። እስካሁን ያመሰገነን ስለሌለ እኔ ልጀምር።

ማስረጃ አምጣ ካላችሁኝ ፊሊፕ ዡኖ ይኸው። (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው፣ የኛ ሲሆን እነግራችኋለሁ።) በ1940 ፓሪስ ተወለደ። አባቱ ሚሼል ዡኖ የፓሪስ ምክትል ከንቲባ የነበሩ ፖለቲከኛ ናቸው። እሱ ራሱ በባንክና በኢንቨስትመንት ዙሪያ የሚሠራ፣ ከጭፈራ ቤት የማይጠፋ፣ ቱባ ቱባ ሰዎች የሚያውቁት ነጋዴ ነበር። ምን ሸጠ? ምን ገዛ? ከሰረ ወይስ አተረፈ? አንድም ቀን አልጠየቅንም። ጨዋ ነን፣ የሰው ኪስ አንቆጥርም። የጠየቅነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማንን አገባ?

ያገባው ካሮሊንን ነው። የሞናኮው ልዑል ሬይኒየርና የሆሊውዷ ግሬስ ኬሊ የበኩር ልጅ። እሷ 21፣ እሱ 38። ወላጆቿ ልባቸው አልወደደውም እየተባለ ተወርቷል፣ ግን ልጅቷ ካለች አለች ነውና ሠርጉ ተደገሰ። ሞናኮ 2 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነች፣ ጠዋት በእግር ተጀምራ ምሳ ሳይደርስ የምታልቅ አገር ናት። የዓለም ካሜራ ግን እዚያች ላይ ተከመረ። ጁን 28 ቀን 1978 በሕግ ተጋቡ፣ በማግስቱ በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት። ቀሚሱ ከዲዮር ቤት ነው። እንግዶቹ ውስጥ የሆሊውድ ኮከቦቹ ፍራንክ ሲናትራ፣ ኬሪ ግራንትና አቫ ጋርድነር ነበሩ። በነገራችን ላይ ሲናትራና ጋርድነር እርስ በርሳቸው ተጋብተው የተፋቱ ሰዎች ናቸው። ማስጠንቀቂያው ራሱ ሱፉን ለብሶ ከታዳሚው መሀል ተቀምጦ ነበር ማለት ነው፣ ያየው ሰው አልነበረም እንጂ።

ያ ቀን በኛ ሰኔ 21 ቀን 1970 ነው። የራሳችንን ንጉሥ በቮልስዋገን ከቤተ መንግሥት ካስወጣን አራት ዓመት እንኳ አልሞላም ነበር። ያኔ አዲስ አበባ ውስጥ ልዕልት የሚባል ቃል ጮክ ብሎ የሚናገር ሰው አልነበረም። ዛሬ ግን ተመስገን፣ የማንንም አገር ልዕልት ከነታናሽ ወንድሟ፣ ከነውሻዋ እናውቃለን። የራሱን ዙፋን ነቅሎ የጣለ ሕዝብ የሰውን ዙፋን ተራ ገብቶ ሲጠብቅ ማየት ደስ አይልም? እኔ ደስ ይለኛል።

ጋብቻው ሁለት ዓመት ከሦስት ወር ቆየ። ባልየው ከሌሎች ሴቶች ጋር የታየባቸው ፎቶዎች በየመጽሔቱ ወጡ፣ ኦክቶበር 9 ቀን 1980 ፍቺው ጸደቀ። አለቀ። በተራ ሰው ቤት ቢሆን እዚህ ላይ ሽማግሌዎች «በቃ አልሆነም» ብለው ጋቢያቸውን አስተካክለው ይነሳሉ። እኛ ግን ወዴት እንነሳለን? ገና መቀመጣችን ነው።

መጀመሪያ የፍቺውን ምክንያት በጥናት አረጋገጥን። ምክንያቱ እርግማን ነው። ታሪኩ እንዲህ ይላል፤ በ13ኛው ክፍለ ዘመን አንዲት ሴት ሞናኮን በሚገዛው በግሪማልዲ ቤት ሰው ተበድላ፣ «ከእናንተ ወገን በትዳሩ ደስ የሚለው አይኑር» ብላ ረገመች። በዚያው ዘመን፣ በ1297፣ ፍራንሷ ግሪማልዲ መነኩሴ መስሎ የሞናኮን ምሽግ እንደያዘ ይነገራል፤ አገሩም ይሄንን ታሪክ በዓርማው ላይ ሰይፍ በመዘዙ ሁለት መነኮሳት አስጊጦታል። ወደ እርግማኑ ስንመለስ፣ አያችሁ ብልሃታችንን? የ38 ዓመት ወንድ ከጭፈራ ቤት አልመለስ ማለቱን 700 ዓመት ወደ ኋላ ሄደን ምክንያት አገኘንለት። እንዲህ ያለ ደግ ሕዝብ የት ይገኛል። ዡኖ ራሱ ጠበቃ ቢያቆም ከዚህ የተሻለ መከላከያ አይቀርብለትም። ጎረቤታችን አቶ እገሌ አምሽቶ ሲገባ ግን እርግማን አንልም፣ ባለጌ ነው እንላለን። የእርግማን መብት ያለው ለቤተ መንግሥት አማች ነው።

ቀጥሎ የሒሳብ ሥራችን አለ። የዚህን ሕዝብ የሒሳብ ችሎታ የሚጠራጠር ካለ እዚህ ጋ ይምጣ። ካሮሊን ዲሴምበር 29 ቀን 1983 ጣሊያናዊውን ነጋዴ ስቴፋኖ ካሲራጊን አገባች። የመጀመሪያ ልጃቸው አንድሪያ ጁን 8 ቀን 1984 ተወለደ። ቁጠሩ። ቆጠራችሁ አይደል? አውቃለሁ፣ እኔም ጣቴን አጥፌአለሁ። ሦስተኛ ባሏን የሃኖቨሩን ልዑል ኤርንስት ኦገስትን ጃንዋሪ 23 ቀን 1999 አገባች፣ ልጃቸው አሌክሳንድራ ጁላይ 20 ቀን 1999 ተወለደች። ይሄንንም ቆጠራችሁ። የመብራት ሒሳብ ሲጨምርበት ለምን እንደጨመረ መቁጠር የማይሆንለት ሰው፣ የሞናኮ ልዕልት እርግዝና ላይ ሲደርስ ካልኩሌተር አያሻውም። ቀን ሳያሳስት ይነግርሃል። እንዲህ ያለ ጭንቅላት ለአገር ቢውል ብላችሁ እንዳትጀምሩኝ፤ ለአገር አይውልም፣ ሥራ ላይ ነው።

ካሲራጊ ላይ ግን ቀልድ የለኝም። በኦክቶበር 1990 በሞተር ጀልባ ውድድር ላይ በ30 ዓመቱ ሞተ፣ ሦስት ትንንሽ ልጆች ትቶ። እንግዲህ እዚያ ቀብር ላይ ያን ሁሉ ካሜራ ማን ጠራው? እኛ ነና፣ ለማጽናናት። ጥቁር መጎናጸፊያ ለብሳ ፊቷ እንባ ያራሰውን ሴት ፎቶ ገዝተን ቤታችን ወሰድን። ለቅሶ መድረስ ባህላችን ነው፤ ያውም ሩቅ አገር፣ ያውም የቲኬት ሳንከፍል።

አሁን ወደ ዋናው ምስጋና ልምጣ። ካሮሊን የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ልጅ ስለሆነች ፍቺው ብቻ አልበቃትም፣ የመጀመሪያው ጋብቻ ከመሠረቱ እንዳልነበረ እንዲቆጠርላት አመለከተች። ቤተ ክርስቲያኒቱ አልቸኮለችም። ካሲራጊን በሕግ ብቻ ያገባችውም ለዚህ ነው፤ ፋይሉ ገና እየታየ ነበር። ዓመታት አለፉ፣ ሁለተኛው ባል እንኳ ሞተ። በመጨረሻ በ1992 ውሳኔው መጣ፤ ጋብቻው አልነበረም። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ የካሲራጊ ሦስት ልጆች በቤተ ክርስቲያኒቱ ዘንድ ሕጋዊ ሆኑ።

አልነበረም ማለት ነው እንግዲህ። ያ ሁሉ ዲዮር፣ ያ ሁሉ ሲናትራ፣ ያ ሁሉ ካሜራ የታደመው ያልተደረገ ሠርግ ላይ ነው። የአገሩ ሕግ ፈታቸው፣ ቫቲካን ከነጭራሹ ሰረዘው፣ ሁለቱም ባለቤቶች ወደየኑሯቸው ሄዱ። ታዲያ ዛሬ ፊሊፕ ዡኖ የሚለው ስም ሲነሳ መጀመሪያ የሚጻፈው ምንድን ነው? «የልዕልት ካሮሊን የመጀመሪያ ባል»። የቫቲካን ማኅተም፣ የፍርድ ቤት ወረቀት፣ የባለቤቶቹ ፊርማ፣ አንዱም አልበገረንም። ዓለም ላይ የማይፈርስ ጋብቻ አንድ ብቻ ነው፤ ሕዝብ ያጋባው። እነሱ እስከ ሞት ድረስ ብለው ማሉ፣ የጠበቅነው ግን እኛ ነን።

ሰውየው ራሱ ከኛ ለማምለጥ ያልሞከረው የለም። በ1987 አንዲት የዴንማርክ ተወላጅ አገባ። ሦስት ልጆች ወለዱ። ያ ትዳር 10 ዓመት ያህል ቆየ፣ የመጀመሪያውን አራት እጥፍ። ስለዚያ ትዳር ምን ታውቃላችሁ? ምንም። እኔም አላውቅም፣ እንዳላውቅ ተደርጌ ነው ያደግኩት። 10 ዓመት አብሮ በልቶ፣ ልጆች ትምህርት ቤት አድርሶ፣ ተጨቃጭቆ ታርቆ የኖረ ሰው ለኛ ወሬ አይሆነንም። በኋላ ደግሞ ከሌላ ሴት አራተኛ ልጅ ወለደ። እኛ ምን አልን? «የካሮሊን የቀድሞ ባል እንደገና አባት ሆኑ።» ልጁን የወለደችለት ሴት በዚያ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የለችም፣ ካሮሊን ግን አለች። ካሮሊን እዚያ ምን ትሠራለች? ምንም። እኛ ነን ያመጣናት፣ ብቻችንን እንዳንሆን።

እሷም ብትሆን ዝም አላለችም። የጀርመን መጽሔቶች ገበያ ስትሄድ፣ ፈረስ ስትጋልብ፣ ባሕር ዳርቻ ላይ ስትደናቀፍ ሳይቀር ፎቶዋን እያተሙ ሲያስቸግሯት ከሰሰች፣ ጉዳዩ ስትራስቡርግ የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት ደረሰ። ጁን 24 ቀን 2004 ፈረዱላት። ዳኞቹ ያሉትን ባጭሩ ልንገራችሁ፤ እነዚህ ፎቶዎች ለሕዝብ ክርክር የሚጠቅሙት ነገር የለም፣ የአንዳንድ አንባቢ ጉጉት ማርኪያ ብቻ ናቸው። አንዳንድ አንባቢ! እኛን ነው። ዳኛ የሚባል ሰው እንዲህ ይናገራል? ሴትዮዋ ስትደናቀፍ ያየነው አይዞሽ ልንላት እንጂ ለጉጉት መሰላቸው። አይዞሽ ለማለት ደግሞ መጀመሪያ ማየት አለብህ፣ ለማየት ፎቶ ያስፈልግሃል፣ ለፎቶ ደግሞ አንድ ሰው ቁጥቋጦ ውስጥ መደበቅ አለበት። ሰንሰለቱ ግልጽ ነው።

ደግነቱ እግዚአብሔር አልጣለንም። በ2012 ያው ፍርድ ቤት ሌላ ክስ አይቶ ለመጽሔቶቹ ፈረደ። ያኛው ፎቶ ከባሏ ጋር የበረዶ መንሸራተቻ ሽርሽር ላይ ሳለች የተነሳ ነው። ጽሑፉ ግን የአባቷን የልዑል ሬይኒየርን ሕመም ያነሳ ስለነበር፣ የአንድ አገር መሪ ጤና ደግሞ የሕዝብ ጉዳይ ነው ተባለ። ይኸው፣ ድሮም ስለ ጤናቸው ነበር የምንጨነቀው። በረዶውን እግረ መንገዳችንን አየነው እንጂ።

ይሄ የፈረንጅ ችግር ነው የሚል ካለ አይድከም። ስልኩን ይክፈት። በአማርኛ የሚተርክ ድምፅ፣ ከኋላው የሚያለቅስ ዋሽንት፣ «ልዕልቷን ያታለላት ነጋዴ አስገራሚ ታሪክ፣ እስከ መጨረሻው ይመልከቱ» የሚል ርዕስ። ፎቶው የሌላ ሰው ነው፣ አንዳንዴ የሌላ አገርም ነው፣ ግን ማን ያጣራል፣ ዘውድ እስካለበት ድረስ። ከሥር አስተያየቱን አንብቡልኝ። «ወንድ ሲባል እንዲህ ነው» የሚል አለ። «ወላጅ ያልመረቀው ትዳር አይባረክም» የሚል አለ፣ እሱ ከቤተሰቡ ተደብቆ ያገባ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። «እግዚአብሔር ያስታርቃቸው» የሚሉ እናት ደግሞ አሉ። እማማ፣ ከ40 ዓመት በላይ ሆነውኮ! ግን አይፈረድባቸውም፣ ትናንት ማታ ነው የሰሙት፣ ለሳቸው ገና ትኩስ ነው። የሚገርመው እኚሁ እናት የገዛ ልጃቸው ትዳር ሲናጋ «የነሱ ጉዳይ ነው፣ ጣልቃ አልገባም» ይላሉ። ትክክል ናቸው። የቅርብ ሰው ትዳር ውስጥ መግባት ነውር ነው።

በ2022 የዡኖ ሴት ልጅ ስፔን ውስጥ ፕላሴንሲያ በምትባል ከተማ ተሞሸረች። ከዴንማርኳ ሚስቱ የወለዳት ናት። ከካሮሊን ጋር በሥጋም፣ በሕግም፣ በቤተ ክርስቲያንም የሚያገናኛት የለም፤ ስትወለድ አባቷ ከልዕልቷ ከተለያየ ዓመታት አልፈው ነበር። መጽሔቶቹ ግን ሙሽራዋን ያስተዋወቁን የካሮሊን የመጀመሪያ ባል ልጅ ብለው ነው። እኛም ደስ አለን፣ ዘመድ እንዳገኘን ሁሉ። ሙሽራው የስፔን ማርኪስ ነው፣ ከአባቶቹ የወረደ የራሱ ማዕረግ ያለው ሰው። እሱ ሚስት ያገባ መስሎታል። ከዚያች ቀን ጀምሮ እኛ ጋ የተመዘገበው የካሮሊን የቀድሞ ባል አማች ተብሎ ነው።