ቁጣ የማን ነው?

በአማርኛ ማንም ይናደዳል፤ የሚቆጣው ግን መቆጣት የሚያምርበት ነው። አባት ልጁን ይቆጣል፣ አለቃ ሠራተኛውን፣ እግዜር ደግሞ ሁላችንንም። ከታች ያለው ያኮርፋል፣ ይበሽቃል፣ ሲብስበት ሆዱ ያራል። ውስጥ ያለው እሳት ያው ሊሆን ይችላል፤ ስም የሚወጣለት ግን በማዕረግ ነው።

ጀርመን አገር፣ ሽቱትጋርት፣ ወዳጄ ቤት ቡና እየጠጣን ሳለ መዋዕለ ሕፃናት የምትውለዋ ልጁ ታብሌቷን ቢቀማት «አባዬ፣ ተቆጥቼሃለሁ!» ብላ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሰዋስዉ እኮ ልክ ነው። አክስቷ «አኩርፌሃለሁ ነው የሚባለው» ብላ አረመቻት። ልጅቱ ያመጣችው የጀርመኖቹን «ቩት»፣ ንዴት እንደ ማለት፣ ነው፤ ይኼ ቃል ዕድሜና ሹመት አይጠይቅም፣ ሕፃንም ሚኒስትርም እኩል ይሉታል። (የእኛን ኩርፊያ ግን አልንቀውም፤ ያኮረፈ ልጅ ቢያንስ አባባይ አያጣም።)

ጀርመኖቹም ቢሆኑ ማበላለጥ ያውቃሉ። የእግዜር ቁጣ «ዞርን» ነው፤ ከበድ ያለ፣ ምክንያት ያለው። እ.ኤ.አ. በ2010 «ሽቱትጋርት 21» የተባለውን የባቡር ጣቢያ ግንባታ ተቃውመው ሰልፍ የወጡትን ግን «ቩትቢርገር»፣ ንዴታም ዜጋ እንደ ማለት፣ አሏቸው። ከሰልፈኞቹ መካከል ፀጉራቸው የሸበተ ጡረተኞችም ነበሩ፤ ሴፕቴምበር 30 ቀን ፖሊስ በውኃ መድፍ በተናቸው። የጀርመን ቋንቋ ማኅበርም ቃሉን የዓመቱ ቃል አድርጎ መረጠው። ስያሜው ዛሬም አይጥመኝም፤ ሰዎቹ ምክንያት ነበራቸው፣ «ዞርን» ይገባቸው ነበር።

በዚህ በኩል አማርኛ ይሻላል። በየካቲት 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ቤንዚን ተወደደ ብለው፣ መምህራን ደግሞ የትምህርት ፖሊሲውን ተቃውመው ሥራ ሲያቆሙ የሆነውን ስናወራ «የሕዝብ ቁጣ» እንላለን። «ሕዝቡ በሸቀ» የሚል የለም። ሰው ሲበዛ ማዕረጉም ከፍ ይላል።

ብቻውን የቆመው ባለጉዳይ ነው የሚያሳዝነኝ። መሥሪያ ቤቶቻችን የከፈቱለት «ቅሬታ ሰሚ» ነው። «ዛሬ ሂድ ነገ ና» ሲሉት ከርመው፣ ውስጡ እየበገነ ወረቀት አውጥቶ «በትሕትና አመለክታለሁ» ብሎ ይጀምራል።